ረቡዕ የዋለው መስቀል

ይህን ታሪክ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። መምህራችን «ድሮ ከኖራችሁት አንዱን ጻፉ፤ ትልቅ ነገር አትፈልጉ» ብለውናል። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የገባሁ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚጠጋኝ ስለሌለ ከእኔ ከበድ ያለ ነገር የሚጠበቅ ይመስለኛል። ጎኔ የሚቀመጡት ልጆች «እርስዎ እኮ ደርግን አይተዋል፣ ብዙ ያውቃሉ» ይሉኛል። አይቻለሁ፣ እውነት ነው። ብዕሬን ሳነሣ የሚመጣልኝ ግን በአንድ የመስቀል ቀን፣ በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ላይ፣ ሥጋ አልበላም ያልኩበት ነገር ነው። ሥጋ አለመብላት ደግሞ ታሪክ ይሆናል? ልተወው ብዬ ወስኜ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከክፍል ወጥቼ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ስገባ ግን ከደጋ የወረደች አንዲት ሴት ቅቤዋን ከእንሰት ቅጠል ስትፈታ ደረስኩ። ያ የቅጠሉና የቅቤው ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ «እናቴ፣ ትገዥያለሽ ወይስ ታሸቻለሽ?» ብላ እስክትስቅብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ቅቤውን ገዛሁ፤ ቤቴ ገብቼም ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ አርባ ምንጭ ለእኔ ውጭ አገር ነበረች። ከጎጃም ተነሥቼ እዚህ እስክደርስ መንገድ ላይ ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተመድቤ መጣሁ። እናቴ ስትሸኘኝ አላለቀሰችም፤ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ «ሰው አገር ነው የምትሄጂው፤ ሌላውን እንደምትችይው አድርጊ፣ ረቡዕና ዓርብን ግን አደራ» ብቻ አለችኝ። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበርና ይህች አደራ ከእናቴ ጋር የምታገናኘኝ ገመድ ሆነችብኝ። ረቡዕ በመጣ ቁጥር እናቴም እዚያ፣ እኔም እዚህ፣ አንድ ዓይነት ሽሮ የምንበላ ይመስለኛል። ሰው መሆኔ የተመሰከረልኝ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ከተማዋን ግን ቶሎ ወደድኳት። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ጠዋት ጠዋት በእግሬ ስወጣ የለበስኩት ያው አንድ የተትረን ቀሚስ ነው፤ እግሬ ላይ ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ አለ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ጫማው እግርን ይቀቅላል። ሙዝ በእጅ የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ አንድ ብር ይዞ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወደ አትክልቱ የወረደ ሰው ዘለላውን የሚያሸክመው ሰው ፈልጎ ነበር የሚመለሰው። ጎረቤታችን ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል። ቀኑን ሙሉ ሰልፍና ዜና ሲል ይውልና አመሻሽ ላይ፣ ተሳስቶ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አንድ የፍቅር ዘፈን ያመልጠዋል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ይዘው በር በር ላይ ይወጣሉ። እኔና አየለችም እንወጣለን።

አየለች ካንኮ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረች። አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንኖር ነበር። የገረሴ ልጅ ናት፤ ጋሞኛዋ እንደ ውኃ የሚፈስ፣ አማርኛዋም ጥሩ፣ ስትስቅ ጎረቤት የምትቀሰቅስ። አባቷ አቶ ካንኮ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ መስቀልን ግን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ያከብራሉ። የእነርሱ ጸሎት ቤት ከታሸገ ዓመት አልፎት ነበር። እርሳቸውም ቤታቸው ውስጥ ሰው ሰብስበው ሲዘምሩ ተገኙ ተብለው ያን ክረምት ታስረው ከርመው፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ተፈቱ። ሲፈቱ «ሁለተኛ ብትገኝ በወራት አይሆንም» ተብለዋል። ማን እንደ ጠቆመባቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አየለች ይህን የነገረችኝ ልብስ እያጠበች፣ ፊቷን ወደ ሳፋው እንዳዞረች ነበር። ቀጥላም «ለመስቀል እኔ ጋ ትመጫለሽ። እዚህ ብቻሽን ስታለቅሺ አልተውሽም» አለችኝ።

«ቤተሰቦችሽ ምን ይላሉ? እኔ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

«አባቴ ትምጣ ብሏል። ወንድሜ ተስፋዬ ነው ያኮረፈው። እሱ ካኪ የለበሰ ሁሉ ሰላይ ይመስለዋል።»

«እኔ ካኪ የለኝም።»

«እኔም ለእሱ ያልኩት ይህንኑ ነው!»

ማክሰኞ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወጣን። መኪናው ቆላውን ለቅቆ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ በነጠላዬ ላይ የአየለችን ሹራብ ደረብኩ። ያን ጊዜ ነው በጣቴ ቆጥሬ ነገ ረቡዕ መሆኑን ያስተዋልኩት። እኛ አገር መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ይጾማል፤ ሥጋውም ቅቤውም ለማግስቱ ይቆያል። ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የእነርሱ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ በሃይማኖታቸው ታስረው የከረሙ ሰዎች ቤት ገብቼ «የእናንተን ሥጋ አልበላም» ማለት ስድብ ሆኖ ታየኝ። ቅር እንዳላሰኛቸው ስል ዝም አልኩ። ቅቤ የሌለው አንድ ነገር አይጠፋም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የገረሴን መስቀል አለማወቄ ነው።

ስንደርስ ግቢው ሰው ሞልቶበታል። «ዮ ማስቃላ! ዮ ማስቃላ!» ይላል ሁሉም፤ እንኳን ለመስቀል አደረሰን እንደ ማለት ነው። የአየለች እናት ጉንጮቼን ይዛ ስማ ስማ ሲበቃት እጄን ጎትታ እሳት ዳር አስቀመጠችኝ። የእርሷም ሆነ የሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች አማርኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ስለነበረ «ና ልጄ፣ ሞቅ፣ ሞቅ» ትለኝ ነበር። በዚያ ቤት ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ይጠራቀማል፤ ቆጮው በቅቤ፣ ገንፎው በቅቤ፣ ጎመኑ እንኳ በቅቤ ነው። ቅቤ ያልነካው ነገር ባገኝ ብዬ ዙሪያውን ቃኘሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤተሰቡ በሙሉ ደመራው ዙሪያ ቆመ። አቶ ካንኮ ረጅም፣ ቀጭን፣ በእስር የጠወለጉ ሰው ነበሩ። ችቦውን ከመለኮሳቸው በፊት አንድ በአንድ ፊታችንን እያዩ በጋሞኛ ጠየቁ። አየለች በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፦ «ቂም ያለው ካለ አሁን ይናገር ነው የሚለው። ቂም ይዞ የመስቀልን ሥጋ መቅመስ ጎሜ ነው፤ ነውር በይው፣ መርገም በይው። ያኮረፈ ሰው አብሮ አይበላም። ሰው ካልበላ ደግሞ አንድ ነገር ይዟል ማለት ነው።» ተስፋዬና አንድ አጎቱ በአጥር ድንበር ተጣልተው ነበርና እዚያው ተቃቀፉ። አቶ ካንኮ እኔ ዘንድ ሲደርሱ በአማርኛ «ልጄ፣ በዚህ ቤት ላይ ቅሬታ አለህ?» አሉኝ። «የለኝም አባባ» አልኩ፤ ከልቤ ነበር።

ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ነቃሁ። ከጓሮ በኩል ዜማ የሚመስል ነገር ሰማሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። እንሰቱ ቅጠሉ ከሰው በላይ ነው፤ ጭጋጉም አለ። በግንዶቹ መካከል አቶ ካንኮ፣ ሚስታቸው፣ ተስፋዬ፣ አየለችና ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው በሹክሹክታ ይዘምራሉ። እንደዚያ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም፤ ከድምፁ ትንፋሹ ይበልጣል። ልመለስ ስል ደረቅ ቅጠል ረገጥኩ። አቶ ካንኮ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ እጅ ነሥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሲመለሱ ማንም ስለዚህ ነገር ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዝም ማለቴ የሚያረጋጋቸው መስሎኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ የቅርጫው ሥጋ መጣ። ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ተነጠፈ፣ ሥጋው ተዘረጋ፣ ቀዩ ዳጣ በጎድጓዳ ሣህን ቀረበ። የአየለች እናት ትልቁን ቁራጭ ለእኔ አነሣች። «ብላ ልጄ፣ ብላ!»

«ሆዴን ትንሽ አሞኛል» አልኳት።

አዘነችና ሄደች። ወዲያው የአየለች አክስት በሌላ ቁራጭ መጣች። ሆዴን ካልኳት መድኃኒት ቅጠል ታመጣብኛለች ብዬ ፈራሁና «ጥርሴን ነው» አልኩ። ቀጥሎ አቶ ካንኮ ራሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው በእጃቸው ይዘው መጡ። እርሳቸውን እምቢ ማለት ከሁሉም ከበደኝ፤ ተርበተበትኩና «ጠግቤያለሁ አባባ» አልኩ። ቁራጩን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔ ከሦስቱም በሰላም የተገላገልኩ መስሎኝ ጥግ ይዤ የገብስ ቆሎ መቆርጠም ጀመርኩ።

ሦስቱ ግን ተገናኝተው አወሩ።  ሰው በጋሞኛ ይንሾካሾካል፤ እኔ ከሚሉት ውስጥ የምለየው «ትርንጎ» የሚለውን ስሜን ብቻ ነው። አየለች ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ተስፋዬ በሩን ተደግፎ ቆመ። እናቲቱ ከጓዳ አንድ ቡሉኮ አወጣች፤ በውስጡ በሶ፣ ሸሚዝና አንድ ጣሳ አድርጋ ጠቅልላ በገመድ አሰረችውና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። መንገድ የሚሄድ እንግዳ አለ ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ልመና የሚያዘውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ገቡና ፊት ለፊቴ ተንበረከኩ።

እኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። ነጭ ፀጉር ያለው ሰው ሊንበረከክልኝ ቀርቶ ከመቀመጫው ተነሥቶልኝ አያውቅም። ቆሎው ከእጄ ተበተነ።

«ልጄ፣» አሉ ከመካከላቸው ትልቁ፣ አቶ ዳምጤ የሚባሉት፣ ሣሩን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «ይህ ቤት ምን በደለህ?»

«ኧረ ምንም! አባባ፣ ይነሡ፤ እግዜር ያሳይዎ ይነሡ!»

«አንነሣም። ቂሙን ስትነግረን እንነሣለን።»

«ቂም የለኝም!»

«ታዲያ የታመመው የትኛው ነው? ሆድ ነው? ጥርስ ነው? ወይስ ጥጋብ ነው?»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ጥርሱን የታመመ ሰው የገብስ ቆሎ አይቆረጥምም። ሆዱንም የታመመ አይቆረጥምም። የጠገበም አይቆረጥምም። እነዚህ ሲቆጥሩ ነበር፤ አራት እፍኝ በልታለች።»

አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ያን ጊዜ ተስፋዬ ከበሩ ዘንድ ጮኸ። «ምን ዙሪያውን ትዞራላችሁ? ጠዋት እንሰት ውስጥ አይታናለች! ሥጋችንን ያልበላችው ልትጽፍብን ስለሆነ ነው። አብሮ በልቶ መክሰስ ለእሷም ይከብዳታላ!»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። በሩ አጠገብ ያለው ጥቅል የእንግዳ ስንቅ አልነበረም። የአቶ ካንኮ የእስር ቤት ስንቅ ነው። እርሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከጥቅሉ ጎን ተቀምጠዋል። አባትን የሚያህል ሰው በእኔ አንድ ቁራጭ ሥጋ ምክንያት ሊወስዱት እስኪመጡ ይጠብቃል። ያን ሳይ ደንግጬም አፍሬም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ረቡዕ ነው!» አልኩ።

«ምን?» አሉ አቶ ዳምጤ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው! ጾም ነው! እናቴ አደራ ብላኛለች፤ እናንተን ላለማስቀየም ብዬ ነው!»

 ከዚያ አየለች በጋሞኛ ተረጎመችው፤ መጨረሻው ላይ ሳትደርስ ሳቋ አመለጣት። እናቲቱ እጇን አጨበጨበች፤ አክስትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሸሸች። አቶ ዳምጤ በዱላቸው ተደግፈው እየተነሡ «ለረቡዕ ነው እንዴ ይህን ዳገት ያስወጣችሁኝ? የጉልበቴን ማን ይክሰኛል?» ብለው ሣሩን ራሴ ላይ በተኑት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አየለች መጥታ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። «ጅል! አብረን እየኖርን! ረቡዕ ረቡዕ ሽሮ ስትሠሪ እያየሁ! እኔስ ምን ነካኝ?» አለች። እርሷም መስቀል ይጾማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ተስፋዬ ነው። «ነገ ሐሙስ ነው፤ ነገ ከበላች አምናለሁ» ብሎ ወጣ። ሁለተኛው አቶ ካንኮ ናቸው። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠዋት የሰማኸው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የሰማሁት ነገር የለም አባባ» አልኩ። ትንሽ አሰብኩና ጨመርኩበት። «ሁለተኛው መዝሙር ግን ደስ ይላል።»

ያኔ ነው የሳቁት፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ዓይናቸውንም ጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው የእኔን ድርሻ ቅቤ ቀብተው በአዲስ የእንሰት ቅጠል ጠቀለሉና ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀሉት። «እንግዳችን ሳይበላ የእኛም መስቀል አላለቀም» አሉ። እናቲቱ ጥቅሉን ልትፈታ ስትሄድ ግን በዓይናቸው ከለከሏት። ልጃቸው እስኪያምን መጠበቃቸው መሰለኝ። ጥቅሉ በሩ አጠገብ አደረ። እኔም አደርኩ፤ በቀርቀሃው ግድግዳ የሚገባው ብርድ እንቅልፍ ቢከለክለኝም ልቤ ግን ቀልሎ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭን ለቅቄ አልሄድኩም። እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ወልጄ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ መጥታ አይታኛለች፤ ታሪኩን ስነግራት «ሽማግሌ ከምታንበረክኪ ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ግን በአደራዋ መጽናቴ ደስ እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ። አቶ ካንኮ ሁለተኛ ሳይታሰሩ፣ ጸሎት ቤታቸውም ተከፍቶ፣ ያን መዝሙር በሙሉ ድምፅ ዘምረውት ነው ያረፉት፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አየለች አሁን ካምባ፣ ልጇ ዘንድ ናት። በየዓመቱ በመስከረም መጀመሪያ ትደውልልኛለች። እንኳን አደረሰሽ አትለኝም። «ትርንጎ፣ ዘንድሮ በምን ቀን ነው የሚውለው?» ነው የምትለው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው ካልኳት «እንግዲህ ሽማግሌ ላዘጋጅ» ትላለች። ሐሙስ ነው ካልኳት ደግሞ ያንኑ የማግስቱን የሐሙስ ጠዋት እናነሣለን።

ያን ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። አቶ ዳምጤም ጉልበታቸውን እያሹ መጥተዋል። አቶ ካንኮ ቅጠሉን ከማገሩ አውርደው ፈቱት፤ ያ የእንሰትና የቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ሐሙስ ነው?» አሉኝ።

«ሐሙስ ነው» አልኩ።

ተስፋዬ ከአባቱ እጅ ቢላውን ተቀበለ። ራሱ ቆረጠ፣ ራሱ ዳጣው ውስጥ ነከረ፤ አብዝቶ ነከረ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ አጎረሰኝ። ዳጣው እሳት ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ አፍንጫዬም ፈሰሰ፤ ነገር ግን አኘክሁ፣ ዋጥኩ፣ አፌንም ከፍቼ አሳየሁት። «ድገመኝ» አልኩት። ተስፋዬ ከት ብሎ ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አለና ደገመኝ።

የአየለች እናት ማንንም ሳትጠይቅ ወደ በሩ ሄደች። ገመዱን ፈታች፣ ሸሚዙን ግድግዳው ላይ ሰቀለች፣ በሶውን ወደ ጓዳ መለሰች። ቡሉኮውን አራግፋ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና «ሞቅ፣ ልጄ፣ ሞቅ» አለችኝ። በገረሴ በዓሉ ገና ብዙ ቀን ይቀረው ነበር። በዚያ ቤት የነበረው ፍርሃት ግን ያበቃው መስከረም አሥራ ስምንት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።